የልብ ሥራና ዕረፍት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ መሐንዲስ ፓምፕ እንዲመርጥ ሲታዘዝ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። በደቂቃ ስንት ሊትር ይገፋል? በምን ያህል ግፊት? በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? ለጥገናስ መቼ ይቆማል? እነዚህ ጥያቄዎች በሰው ደረት ውስጥ ስላለው ፓምፕ ቢቀርቡ የሚገኘው መልስ እንደሚከተለው ነው። ጤናማ የሆነ ጎልማሳ በዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ በደቂቃ 75 ጊዜ ያህል ይመታል። በእያንዳንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይገፋል፤ ይህም በደቂቃ ከ5 ሊትር፣ በቀን ደግሞ ከ7,500 ሊትር በላይ ይሆናል። የግፊቱ ጣሪያ 120 የሜርኩሪ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የምቱ ብዛት በቀን 108,000 ይደርሳል፤ 60 ዓመት ለኖረ ሰው ሲታሰብ ከ2 ቢሊዮን ይበልጣል። የፓምፑ ክብደት 300 ግራም ያህል፣ መጠኑም ከባለቤቱ ጭብጥ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን ማናቸውንም የፓምፕ ባለሙያ የሚያስደንቅ ነው፤ ለጥገና የሚቆምበት ጊዜ የለም።

ከዚህም የተነሣ ልብ ዕረፍት የማያውቅ አካል ነው ሲባል ዘወትር ይሰማል። የዚህ ንግግር ዓላማ አባባሉ ትክክል አለመሆኑን ማሳየት ነው። ልብ ያርፋል፤ የሚያርፈውም በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ነው። ዕረፍቱም ሥራ መፍታት ሳይሆን የሥራው አንዱ ክፍል ነው። ማንኛውም ፓምፕ ከተቀበለው በላይ ሊሰጥ አይችልም፤ ልብም የሚቀበለው በሚያርፍበት ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃው የልብ ሕመም ደግሞ ይህንኑ የመቀበያ ጊዜ የሚሻማ በመሆኑ፣ ነገሩ ከዕውቀትነት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገቢና የወጪ ሚዛን

ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ለብዙ መቶ ዓመታት በሐኪሞች ዘንድ ጸንቶ የኖረው የጋሌን ትምህርት ከዚህ የተለየ ነበር። በዚያ ትምህርት መሠረት ደም ከምግብ በጉበት ውስጥ ይሠራል፤ ወደ ልዩ ልዩ አካላት ይፈስሳል፤ በዚያም በእርሻ ላይ እንደተለቀቀ ውኃ ተመጥጦ ያልቃል። በ13ኛው ምዕተ ዓመት ኢብን አልናፊስ የተባለው የደማስቆ ትምህርት ቤት ሐኪም፣ ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚደርሰው በሳንባ በኩል ዞሮ መሆኑን ቢጽፍም፣ አሳቡ በሰፊው ሳይታወቅ ቀርቷል።

የቀድሞውን ትምህርት ከሥሩ የነቀለው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ ነው። ሃርቬይ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ መሐንዲሶች በየዕለቱ የሚሠሩበት የገቢና የወጪ ሚዛን ነው። ልብ በአንድ ምት የሚገፋውን ደም በጣም ዝቅ አድርጎ ገመተ፤ ግምቱንም በምቱ ብዛት አባዛ። የተገኘው ውጤት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብቻ በሰውነት ካለው ደም ሁሉ የሚበልጥ ሆነ። ዛሬ በታወቀው ልክ ሲሰላ ልብ በአንድ ሰዓት የሚገፋው ደም 315 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ከሰውየው ክብደት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ያህል ደም ከምግብ ሊሠራ የሚችል ጉበት፣ ተመጥጦም ሊገባበት የሚችል አካል ሊኖር አይችልም። ስለዚህም የወጣው ደም ተመልሶ የሚመጣ መሆን አለበት። ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርባቸውን እጅግ ቀጫጭን ሥሮች ሃርቬይ በዓይኑ አላያቸውም ነበር፤ በ1661 ማልፒጊ የተባለው ኢጣሊያዊ በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ በአጉሊ መነጽር አያቸው። ስሌቱ ከመነጽሩ 33 ዓመት ቀድሞ ነበር።

ሁለት ፓምፖች በአንድ ቤት

ልብ አንድ ፓምፕ ተብሎ ይጠራ እንጂ፣ በእውነቱ በአንድ ግድግዳ የተለያዩ፣ በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው የተተከሉ ሁለት ፓምፖች ናቸው። የቀኙ ከመላው ሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይገፋል፤ የግራው ከሳንባ የመጣውን ተቀብሎ ወደ መላው ሰውነት ይልካል። እያንዳንዱ ፓምፕ ደም የሚጠራቀምበት ስስ የላይኛ ክፍልና ደም የሚገፋበት ጡንቻማ የታችኛ ክፍል አለው። የሳንባ ሥሮች አጫጭርና ለፍሰት የሚመቹ ስለሆኑ ለቀኙ 25 የሜርኩሪ ሚሊ ሜትር ያህል ግፊት ይበቃዋል። የግራው 120 ያህል ማምጣት አለበት፤ ግድግዳውም በዚያው ልክ ወፍራም ነው።

በመስመሩ ላይ አራት ቫልቮች አሉ፤ ሁለቱ በላይኛና በታችኛ ክፍሎች መካከል፣ ሁለቱ ደግሞ በመውጫዎቹ በር ላይ ናቸው። የሚከፍታቸውም ሆነ የሚዘጋቸው ሌላ ኃይል የለም። በሁለት ወገን ያለው የግፊት ልዩነት ብቻ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ በውኃ መስመር ላይ የሚተከለው፣ ውኃን ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ እንደሚሠራው ማለት ነው።

ሁለት ፓምፖች ተከታትለው ሲተከሉ የሚነሣው ችግር ለመሐንዲስ አዲስ አይደለም። የቀኙ በእያንዳንዱ ምት ከግራው 1 ሚሊ ሊትር ብቻ አስበልጦ ቢገፋ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 4.5 ሊትር ደም በሳንባ ይጠራቀማል። በጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ደም በጠቅላላው 5 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ሰውየው ሰዓቱ ሳይሞላ በገዛ ደሙ ይሰጥማል። ሁለቱን የሚያመዛዝን ተቆጣጣሪ ከውጭ አልተተከለም። ሚዛኑ የሚጠበቀው በራሱ በጡንቻው ጠባይ ነው፤ ይህም ወደ በኋላ ይብራራል።

ትእዛዙና ጡንቻው

የልብ ምት የሚነሣው ከአንጎል አይደለም። ከሰውነት የወጣ የእንቁራሪት ልብ ተስማሚ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ቢቀመጥ መምታቱን ይቀጥላል። በ1907 ኪዝና ፍላክ የተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች በቀኙ የላይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የምቱን መነሻ ሥፍራ አገኙ። በዚያ ያሉት ሴሎች በራሳቸው ጊዜ እየጠበቁ የኤሌክትሪክ ምልክት ያመነጫሉ፤ ከአንጎል የሚመጡት ነርቮች የሚያደርጉት ፍጥነቱን መጨመር ወይም መቀነስ ብቻ ነው።

ምልክቱ አስቀድሞ በላይኞቹ ክፍሎች ላይ ይሰራጫል። ከዚያም በላይኞቹና በታችኞቹ መካከል ባለች አንዲት ጠባብ መሸጋገሪያ ያልፋል፤ ይህችንም በ1906 ጃፓናዊው ሱናኦ ታዋራ በዝርዝር ገለጻት። ምልክቱ እዚህ ሲደርስ ፍጥነቱ እጅግ ይቀንስና 0.1 ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። ይህ መዘግየት የሥራ ጉድለት አይደለም፤ የላይኞቹ ክፍሎች ደማቸውን ወደ ታች አራግፈው እስኪጨርሱ የታችኞቹ እንዳይጨመቁ የተሰጠ ቀጠሮ ነው። መሸጋገሪያዋን ካለፈ በኋላ ምልክቱ ፈጣን በሆኑ ክሮች አማካይነት ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ሁሉ ይዳረሳል፤ ጡንቻውም በአንድነት ይኮማተራል።

የኤሌክትሪኩን ምልክት ወደ ጉልበት የሚለውጠው ካልሲየም ነው። ይህ የታወቀበት ታሪክ ለውኃ መሐንዲሶች የሚስብ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሲድኒ ሪንገር የተባለው የሎንዶን ሐኪም የእንቁራሪት ልብን በጨው ውኃ ውስጥ እያስመታ ይመራመር ነበር። ውኃው የተጣራ መስሎት ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ ረዳቱ ያዘጋጀለት በቀጥታ ከከተማው ቧንቧ በተቀዳ ውኃ እንደነበር ተረዳ። በትክክል በተጣራ ውኃ ሲሞክረው ልቡ ደከመ፤ ቆመም። የቧንቧው ውኃ ከመሬት ይዞት የመጣው ካልሲየም ሲጨመርበት ግን እንደገና መምታት ጀመረ። ሪንገር ይህን በ1883 አሳተመ።

ካልሲየም በጡንቻው ሴል ውስጥ ሲለቀቅ፣ አክቲንና ማዮሲን የተባሉት፣ እንደ ሁለት እጆች ጣቶች የተጠላለፉ ቀጫጭንና ወፋፍራም ክሮች አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ጡንቻውም ያጥራል። ይህን የመንሸራተት አሠራር በ1954 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በአንድ ጊዜ አሳውቀዋል። ጡንቻው እንዲላላ ደግሞ ካልሲየሙ ተለቅሞ ወደ ቋቱ መመለስ አለበት። ይህም በገፍ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ሴሉ ኃይል አውጥቶ የሚፈጽመው ሥራ ነው። እንግዲህ የልብ ዕረፍት ራሱ ወጪ የሚጠይቅ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል።

ከዚህም ሌላ የልብ ጡንቻ ከእጅና ከእግር ጡንቻዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የክንድ ጡንቻ ትእዛዝ በላይ በላዩ ቢደርሰው ተኮማትሮ ሊቆይ ይችላል። የልብ ጡንቻ ግን አንድ ምት ከጀመረ በኋላ ያ ምት ሊያበቃ እስኪቃረብ ድረስ ሌላ ትእዛዝ አይቀበልም። በማሽን ላይ አደጋ እንዳይደርስ የሚገጠም የጥንቃቄ ቁልፍ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልብ ተኮማትሮ እንዳይቀር፣ ዕረፍቱም በማናቸውም ትእዛዝ እንዳይሻር በዚህ መንገድ ተጠብቋል።

በአንድ ምት ውስጥ የሚሆነው

አንድ ምት ከመነሻው እስከ መጨረሻው 0.8 ሴኮንድ ይፈጃል። የግራው ወገን በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሠራውን ደረጃ በደረጃ መመልከት ይቻላል።

ምልክቱ ሲነሣ የታችኛው ክፍል አብዛኛውን ደም አስቀድሞ ተቀብሏል። የላይኛው ክፍል ተኮማትሮ የቀረውን ይጨምርለታል፤ የታችኛው ክፍል ይዞታም 120 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። ከ0.1 ሴኮንድ መዘግየት በኋላ የታችኛው ክፍል መኮማተር ይጀምራል። በውስጡ ያለው ግፊት በላይኛው ክፍል ካለው እንደበለጠ በመካከል ያለው ሚትራል የተባለው ቫልቭ ይዘጋል። በደረት ላይ ጆሮውን ያስጠጋ ሰው የሚሰማው የመጀመሪያው ድምፅ ከዚህ መዘጋት ጋር የተያያዘ ነው። የዚህ ቫልቭ ሁለት ከንፈሮች በግፊቱ ወደ ላይ እንዳይገለበጡ፣ ከግድግዳው በበቀሉ ትንንሽ ጡንቻዎች ላይ የታሠሩ ቀጫጭን ጅማቶች እንደ ድንኳን አውታር ወጥረው ይይዟቸዋል።

በዚህ ጊዜ መግቢያውም መውጫውም ዝግ ነው። በ0.05 ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ አንድም ጠብታ ደም ሳይወጣ ግፊቱ ከ10 የሜርኩሪ ሚሊ ሜትር በታች ተነሥቶ እስከ 80 ይደርሳል። በዐቢዩ ደም ቅዳ ውስጥ ያለውን ግፊት ሲያልፍ የመውጫው ቫልቭ ይከፈታል፤ ደሙም እየተወረወረ ይወጣል። የጡንቻው ክሮች በልብ ዙሪያ ቀጥ ብለው የተዘረጉ ሳይሆኑ ተጠምዝዘው የተጠቀለሉ ናቸው። ስለዚህም ልብ ሲኮማተር እንደ ታጠበ ነጠላ ተጠምዝዞ ይጨመቃል። 70 ሚሊ ሊትር ያህል ወጥቶ 50 ያህል ይቀራል፤ ሙሉ በሙሉ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ የለም።

ከዚያ በኋላ ጡንቻው መላላት ይጀምራል። ግፊቱ በዐቢዩ ደም ቅዳ ካለው በታች ሲወርድ ደሙ ወደ ኋላ ሊመለስ ይቃጣል፤ ይኸው ሙከራ የመውጫውን ቫልቭ ይዘጋዋል፤ ሁለተኛውም ድምፅ ይሰማል። ተጠምዝዞ የነበረው ግድግዳ ሲፈታ በውስጡ ያለው ግፊት በፍጥነት ይወርዳል። ከላይኛው ክፍል በታች እንደሆነም ሚትራሉ ቫልቭ ይከፈታል፤ በላይ ሲጠራቀም የቆየው ደም ወደ ታች ይገባል።

ልብ ደምን የሚገፋው እየቆረጠ ሆኖ ሳለ፣ ደም በቀጫጭኑ ሥሮች ውስጥ ሳይቋረጥ የሚፈስሰው ዐቢዩ ደም ቅዳ የሚለጠጥ በመሆኑ ነው። ልብ ሲገፋ ይለጠጥና ደም ያጠራቅማል፤ ልብ ሲያርፍ ይሸበሸብና ያጠራቀመውን ወደ ፊት ይልካል። ስቲፈን ሄልስ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስ በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በዘመኑ ከነበሩት የእሳት ማጥፊያ ፓምፖች የአየር ቋት ጋር አመሳስሎታል። ሄልስ በአንዲት ባዝራ ደም ቅዳ ላይ የብርጭቆ ቱቦ አያይዞ ደሙ 2.5 ሜትር ያህል ከፍ ማለቱን የለካ፣ የደምን ግፊት በመለካት የመጀመሪያው ሰው ነው።

ግፊቱና የደሙ መጠን ተባዝተው ሲታሰቡ፣ የሁለቱ ፓምፖች ጉልበት በአንድነት ከ1 ዋት ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ሆኖ ይገኛል። አንዲት አነስተኛ የእጅ ባትሪ አምፖል ይህንኑ ያህል ትፈጃለች። ስለዚህ ልብን ልብ ያሰኘው የጉልበቱ ብዛት አይደለም፤ የሥርዓቱ መጠበቅ ነው።

የስምንት ሰዓት ሥራ

በደቂቃ 75 ጊዜ በሚመታ ልብ ውስጥ፣ ከ0.8 ሴኮንዱ የታችኛው ክፍል የሚኮማተረው ለ0.27 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው 0.53 ሴኮንድ የዕረፍት ጊዜ ነው። ይህ በ24 ሰዓት ሲሰላ 8 ሰዓት ሥራና 16 ሰዓት ዕረፍት ማለት ይሆናል። የሠራተኛ ሕግ ከሚወስነው የቀን ሥራ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ቢሆንም ለማስታወስ ይረዳል።

በእነዚያ 16 ሰዓቶች ልብ ሁለት ነገሮችን ያከናውናል። አንደኛው መሙላት ነው። ሁለተኛው ራሱን መመገብ ነው፤ የግራው ታችኛ ክፍል ሲኮማተር በግድግዳው ውስጥ የሚያልፉትን የራሱን ሥሮች ስለሚጫናቸው፣ ደም በብዛት የሚያገኘው ሲላላ ነው። ለመላው ሰውነት ምግብ የሚያከፋፍለው አካል ራሱ የሚመገበው በዕረፍቱ ሰዓት ነው።

የሁለቱን ፓምፖች ሚዛን የሚጠብቀውም ጠባይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በ1895፣ እንግሊዛዊው ስታርሊንግም በ1914 አካባቢ ባደረጓቸው ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ የልብ ጡንቻ በዕረፍቱ ጊዜ ይበልጥ በተለጠጠ መጠን በሚቀጥለው ምት ይበልጥ ይኮማተራል። ቀኙ ጥቂት አብልጦ ቢገፋ፣ ግራው ጥቂት አብልጦ ይሞላል፤ ስለዚህም አብልጦ ይገፋል። ሒሳቡ በየምቱ ይወራረዳል።

የምቱ ፍጥነት ሲጨምር ይበልጥ የሚቀነሰው የሥራው ጊዜ ሳይሆን የዕረፍቱ ነው። በደቂቃ 200 ጊዜ በሚመታ ልብ አንድ ምት 0.3 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ከዚህም ውስጥ ሥራው 0.16፣ ዕረፍቱ 0.14 ሴኮንድ ይሆናል። የሥራው ጊዜ በግማሽ እንኳ ሳይቀንስ ዕረፍቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቫልቮቹ ጤናማ ከሆኑ ይህ አጭር ጊዜ ሊበቃ ይችላል፤ መግቢያው ሰፊ ነውና። መግቢያው የጠበበ እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል።

የመግቢያው መጥበብ

የጤናማ ጎልማሳ ሚትራል ቫልቭ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሣንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይሰጣል። የሩማቲክ የልብ ሕመም በሚባለው ሕመም የቫልቩ ከንፈሮች እየወፈሩና እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ ሄደው ቀዳዳው ከ1.5 ካሬ ሣንቲ ሜትር በታች ሲሆን ችግሩ ከባድ ይባላል። ሪቻርድ ጎርሊን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1951 የዚህን ቀዳዳ ስፋት በስሌት ለማግኘት ሲነሣ፣ ከእርሱ ጋር ቀመሩን ያዘጋጀው መሐንዲስ የነበረው አባቱ ነው። ቀመሩም በቀዳዳ ስለሚያልፍ ውኃ ከሚታወቀው የሃይድሮሊክ ሕግ የተወሰደ ነው።

ያ ሕግ የሕመምተኛውን ዕጣ በግልጽ ያሳያል። በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ፍሰት እጥፍ እንዲሆን ከተፈለገ የግፊቱ ልዩነት አራት እጥፍ መሆን አለበት። ሕመምተኛው ዳገት ሲወጣ ሰውነቱ ተጨማሪ ደም ይሻል፤ ምቱ ይፈጥናል፤ የመሙያው ጊዜ ያጥራል። ብዙ ደም፣ በአጭር ጊዜ፣ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይጠየቃል ማለት ነው። በላይኛው ክፍል ያለው ግፊት ያሻቅባል፤ ወደ ኋላም ተመልሶ በሳንባ ሥሮች ላይ ያርፋል፤ ከሥሮቹም ፈሳሽ ወደ ሳንባው ይንጠባጠባል። ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል። የግራው ታችኛ ክፍል ጡንቻ አብዛኛውን ጊዜ አልታመመም፤ የሚገፋው አጥቶ ነው።

ይህ ፈተና ይበልጥ የሚከፋው በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ነው። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ ያለው ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የልብ ምትም ይፈጥናል። ከዚያ በፊት ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ጤነኛ ነኝ ብላ የኖረች ወጣት ሕመሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታውቀው በመጀመሪያ እርግዝናዋ ሊሆን ይችላል። በምጥ ሰዓት ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት ሰዓቶች ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል።

የሕመሙ መነሻ ግን ከልብ እጅግ የራቀ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ያቆስላል፤ ቁስሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ይድናል። በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን የተዋጋ መስሎት የገዛ አካሉን ያጠቃል። ልጁ ያተኩሰዋል፤ የጉልበቱና የቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያዎች ያብጣሉ፤ ሕመሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ይህም ያልፋል፤ ይረሳልም። በቫልቩ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አያልፍም፤ ጉሮሮው በታመመ ቁጥር ጥቃቱ ሊደገም፣ ጠባሳውም በላይ በላዩ ሊጨመር ይችላል። በብዛት የሚያዙት ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው።

ጥገናና ጥበቃ

የተበላሸ ቫልቭ መለወጥ እንደሚቻል ካሳዩት ሰዎች አንዱ የሃይድሮሊክ መሐንዲስ ነው። ሎዌል ኤድዋርድስ የተባለው አሜሪካዊ ለአውሮፕላን በሠራው የነዳጅ ፓምፕ የታወቀ ሰው ነበር፤ በልጅነቱም የሩማቲክ ትኩሳት ታሞ ነበር። ሥራውን ካቆመ በኋላ በ1958 አልበርት ስታር ወደተባለው ወጣት ቀዶ ጠጋኝ ቀርቦ ሰው ሠራሽ ልብ ለመሥራት ማሰቡን ነገረው። ስታርም ከሙሉው ልብ አስቀድሞ አንድ ቫልቭ እንዲሠሩ መከረው። ሁለቱ በብረት ቀፎ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንቀሳቀስ ኳስ ያለችበት ቫልቭ ሠርተው በ1960 በሚትራሉ ቦታ ለመትከል በቁ። ይህ የተቻለውም በ1953 ጆን ጊቦን የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው የሚተካ መሣሪያ በቀዶ ጥገና ላይ በተሳካ ሁኔታ ስለተጠቀመበት ነው። ለጥገና የማይቆመው ፓምፕ ተተኪ ተገኝቶለት ቆመ። በ1984 ደግሞ ካንጂ ኢኖዌ የተባለው ጃፓናዊ ደረትን ሳይከፍቱ፣ በደም ሥር በኩል በሚገባ ፊኛ የጠበበውን ቫልቭ ማስፋት እንደሚቻል አሳወቀ።

በኢትዮጵያም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተሠራው የልብ ሕክምና ማዕከል በ2009 ከተከፈተ ወዲህ፣ ቀድሞ ወደ ውጭ አገር መላክ የነበረባቸው ልጆች በአገራቸው የሚታከሙበት ዕድል ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ጥገናው ውድ ነው፤ ተራውም ረጅም ነው። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ደሙ በቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት መውሰድና ደሙን በየጊዜው ማስመርመር አለበት። ቤቱ ከሆስፒታል የሁለት ቀን መንገድ ለሆነ ገበሬ ይህ ቀላል ግዴታ አይደለም።

ጥበቃው በአንጻሩ ርካሽ ነው። በስትሬፕቶኮከስ የታመመ ጉሮሮ በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ በፔኒሲሊን ከታከመ የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይከተል ማድረግ ይቻላል። አንድ ጊዜ ትኩሳቱ የያዘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት እየተወጋ ቫልቩን ከተጨማሪ ጠባሳ ሊያድን ይችላል። በ2015 በአፍሪካ ኅብረት አማካይነት በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሕመሙን ከአህጉሩ ለማጥፋት መወሰድ ያለባቸውን እርምጃዎች ዘርዝረዋል፤ በ2018 የዓለም የጤና ጉባኤም ስለዚሁ ሕመም ውሳኔ አሳልፏል።

በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ግን ጉሮሮው የታመመ ልጅ እንጥሉ ወርዷል ተብሎ እንጥሉን ሲቆረጥ ኖሯል። መቁረጡ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሲተወው ግን መቁረጡ ያዳነው ይመስላል። ወላጆች በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ በጉሮሮና በልብ መካከል ያለው መንገድ ካልተነገረ በስተቀር በዓይን የሚታይ አይደለምና።

ይህ ሁሉ የሐኪሞች ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ብዙ ሰው በተጨናነቀበትና አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ነው። የመማሪያ ክፍልን ስፋት፣ የመስኮቱን ቁመት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩትን ሰዎች ብዛት በንድፍ ላይ የሚወስን ሐኪም አይደለም። የቀዶ ጥገናው ክፍል መብራት እንዳይቋረጥ፣ የኦክስጅኑ መስመር እንዳያፈስ፣ ተበላሽቶ በመጋዘን የተቀመጠው የምርመራ መሣሪያ ተጠግኖ ወደ ሥራ እንዲመለስ የሚያደርገውም የመሐንዲሱና የቴክኒሻኑ እጅ ነው። በዚህ ማኅበር ውስጥ እነዚህን ሥራዎች ዕለት በዕለት የሚሠሩ ብዙ አባሎች አሉ።

የፓምፕ ባለሙያ ሁሉ በልምዱ እንደሚያውቀው፣ የሚገፋው ውኃ ያነሰ ፓምፕ ሲገኝ ጉልበቱን ከመጠርጠር በፊት መግቢያው ይመረመራል። የልብም ነገር ከዚህ አይለይም። በ0.53 ሴኮንድ ውስጥ ሞልቶ፣ ተመግቦ፣ ለሚቀጥለው ምት የሚዘጋጀው ይህ አካል ከሰው የሚፈልገው መግቢያው እንዲጠበቅለት ነው። ጥበቃውም የሚጀምረው ጉሮሮዬን አመመኝ የሚል ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ነው።